የሚወዛወዘው ወንበር ፕላን

ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ይዞሻል? የማጂ ብርድ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሰግቻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቱም፣ ሥራውም፣ ዶሮዎቹም ሳይቀሩ ደህና ናቸው። ደብዳቤዬን ለምታነብልሽ ለጎረቤትሽ ለበየነችም ሰላምታዬ ይድረሳት። በየነች፣ አደራሽን፣ የሚስቴ የአስካለች ስም ሲመጣ ዘለሽ እንዳታልፊ።

እማዬ፣ ስልክ እያለ ወረቀት ለምን ታባክናለህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስልክ ላይማ የሚስቴን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ጠፋ» እያልሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም።

የምጽፍልሽ ስለ አንድ ወንበር ነው። ቴፒ ቡና ልማት ስትሠሪ፣ በሥራ አስኪያጁ በረንዳ ላይ ስለነበረው ስለሚወዛወዘው ወንበር ስትነግሪኝ ነው ያደግኩት። ማንም ሳያይሽ አንዴ ተቀምጠሽበት፣ ወገብሽ ሕመሙን እንደረሳው ትዪኝ ነበር። አምና ዱካ ላይ መቀመጥ እንዳቃተሽ ስሰማ እሱን ሠርቼ ቤቴ አስቀምጬ ልጥራሽ አልኩ። ብቻሽን ማጂ ላይ ስታረጂ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ነገሩ ይኸው ነው። አንቺ ደግሞ ጴንጤ አገባ ብለሽ ከሠርጌም ቀርተሽ፣ «እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም» ካልሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ።

ችግሩ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አናጢ ሆኜ የሚወዛወዝ ነገር ሠርቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን በግምት ሠርቼ ብቀመጥበት ይዞኝ ወደ ኋላ ሄደና ማጅራቴን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የምትሠራውን ልጅ የወንበር ፕላን ፈልጊልኝ አልኳት። ለካስ ከኋላዬ ይርዳው ተራ ይጠብቅ ኖሯል። ይርዳው ማለት ወሬ አፉ ውስጥ የማያድር የሰፈራችን ሰው ነው። መቼም እዚህ አገር ወንበርና ፕላን አንድ ላይ ሲጠሩ አናጢ ትዝ የሚለው የለም።

በነጋታው የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ኃይለጊዮርጊስ ከሱቄ መጡ። ጤናዬን አብዝተው ከጠየቁኝ በኋላ፣ ሰው ወንበር ከፈለገ ዙሪያውን ከሚሄድ ፊት ለፊት ቢናገር ይሻላል አሉኝ። ደንበኛ መስለውኝ፣ አዎ፣ ወንበር እየፈለግኩ ነው፣ የቀረኝ ፕላኑ ብቻ ነው አልኳቸው። ምን ዓይነት ወንበር ሲሉኝ፣ የሚወዛወዝ አልኩ። ፊታቸው ሲጠቁር ጊዜ ላጽናናቸው ብዬ፣ «እንዲወዛወዝ እንጂ እንዲገለበጥ አልፈልግም» አልኳቸው። ጭራሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከጀርባህ ማን አለ ብለው ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን፣ ማጂ ያለችው እናቴ ናት አልኩ። ኋላ ያንን የገለበጠኝን ወንበር አውጥቼ ባሳያቸው ነገሩ ገባቸውና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለራሳቸውም አንድ አዘዙኝ፤ የእሳቸው ግን የማይነቃነቅ ነው።

ኢንተርኔቱ ፎቶግራፉን እንጂ ልኩን አልሰጠንም። ፎቶውን ቤት ወስጄ ለአስካለች አሳየኋት። ጌጥ የለውም፣ ምስማርም የለውም፤ የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ውስጥ አልፎ ወጥቶ በሽብልቅ ይጠብቃል። ከሥሩ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ስታነብልኝ «አርትስ ኤንድ ክራፍትስ» የሚባል ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ፈረንጆች የፋብሪካ ዕቃ ሰልችቷቸው በእጃቸው የሠሩት ዓይነት ነው አለችኝ። አስተማሪ አይደለች፣ ነገሩን ያዘችው። ክረምት ላይ ለሥልጠና ቴፒ ስትሄድ እዚያ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስታስስ ሰንብታ፣ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ፕላኑን ከነልኩ አገኘችው። መጽሐፉ ወደ ውጭ አይወጣም። ሦስት ቀን ምሳዋን እየተወች በእርሳስ ቀዳችው፤ ኢንቹንም አንድ በአንድ ወደ ሳንቲ ሜትር መለሰችልኝ። ለማን እንደሚሠራ እያወቀች ነው፣ እማዬ።

ከዚያ ደግሞ ያንቺ ልክ ጠፋኝ። ከወለል እስከ ጉልበትሽ ስንት እንደሆነ እኔ የወለድሽኝ አላውቅም። አስካለች በኔ ልክ ሥራው አለች። ምን አውቀሽ ብላት፣ «ማጂ የሄድን ቀን ግቢያቸው ውስጥ ፊት ለፊት ቆመን አልነበር? ዓይናችን እኩል ነው» አለችኝ። ያን ቀን ተቀመጪ ሳትዪያት፣ እንደቆመች መመለሷን አንቺም አልረሳሽውም። እኔ እስከ ዛሬ ቂም ይዤብሽ ኖሬያለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ፣ ይቅር በዪኝ። እሷ ከዚያ ግቢ ይዛ የወጣችው ልክሽን ብቻ ነው። እኔም እንዳለችኝ አደረግሁ።

ከደረቅ ዋንዛ ሠራሁት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሷ ትቀመጥበታለች፣ እኔ ከሥር ያሉትን፣ ወንበሩ የሚወዛወዝባቸውን ሁለት ቀስቶች ትንሽ ትንሽ እየላግኩ አስተካክላለሁ። አሁን አንዴ ገፋ ያደረጉት እንደሆነ ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ይመለሳል። ሌላም ልንገርሽ፦ ላንቺ ጾም ብላ ለብቻው ድስት ገዝታ፣ ቅቤ እንዳይነካው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። እኔ ልጅሽ አንድ ቀን ምስር ልሠራበት ባወርደው ተቆጣችኝ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮናል። ከታኅሣሥ ወዲህ መለኪያችን ተበላሸ። የወንበሩ ክንዶች አስካለችን ይጠቧት ጀመር። ክንዶቹን ላስፋቸው ብል እሺ አላለችም። «አትንካው፣ የእማማ ልክ ነው። እኔ ከሰኔ በኋላ ወደ ልኬ እመለሳለሁ» አለችኝ። በየነች፣ ይህን ቦታ ደግመሽ አንብቢላት።

እንግዲህ እማዬ፣ ለሆሳዕና ድረሺልን። ፋሲካን አብረን እንፈስካለን፣ ግንቦትንም እዚሁ ትቆያለሽ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ማለዳ እኔው አደርስሻለሁ። የለም፣ አልመጣም ካልሽም ወንበሩ ያንቺ ነውና በአይሱዙ አስጭኜ እልክልሻለሁ። ግን ብቻውን ነው የሚመጣው። እኔ ግን እዚህ ሆነሽ እንድትወዛወዢበት ነው የምፈልገው፤ ካልመጣሽ አዝናለሁ።

የማጂን ዳገት ያስወጣሽ አምላክ ቁልቁለቱንም በሰላም ያውርድሽ። ዕድሜሽን እንደ ዋንዛ ያጽናው። ጉልበትሽን ስመናል።

የሚናፍቁሽ ልጆችሽ፣
በቁጥር ለጊዜው ሁለት