ቀን ቀን የሚቆለፍበት ባትሪያችን

ለተከበሩ አቶ ይኸነው
የዋርካ ሜዳ የፀሐይ መብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጤናዎ እንደ ጥቅምት ሰማይ የጠራ፣ ቤትዎና ከብትዎ ሰላም የሰፈነበት፣ ኪስዎም የመጋዘኑ ቁልፍ እንዳይቀደው የጠነከረ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የባለሱቁ የሸዕባን ልጅ አፊያ ነኝ። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ሱቃችን ሲመጡ ከሚዛኑ ጀርባ ቆሜ ስኳር የምመዝንልዎ፣ ሰላምታዎን አንገቴን ደፍቼ የምመልስልዎ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ እጄን አውጥቼ መናገር ስጀምር «ልጄ፣ ድምፅሽን ጨምሪ እንጂ፤ ከዝንብ ጋር ነው እንዴ የምታወሪው?» ብለውኝ፣ ሰው ሁሉ ስቆ ካበቃ በኋላ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ስላለፉ፣ የቀረውን ጽፌ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብለጥፈው ለእርስዎም ለጆሮዎም ይቀላል ብዬ አስቤያለሁ።

ከቅሬታዬ በፊት ግን ምስጋና ይቅደም። አባቴ እንደሚለው እኔ ስወለድ የፀሐይ ፓነል ያማረው ሰው ጊደሩን መሸጥ ነበረበት። ዛሬ ፓነል ዳንግላ ገበያ ላይ ከቃሪያና ከሽንኩርት አጠገብ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ጋሪ ነጂዎች እንኳ ለስልካቸው የምትሆን ትንሽ ፓነል ከጋሪያቸው ላይ አስረው ይሄዳሉ። ኮሚቴዎ ይህን ርካሽነት አይቶ፣ ለትምህርት ቤታችን ባትሪዎች የታሰበውንም ገንዘብ ጨምሮ ፓነል ገዛበት። «በርካሽ ጊዜ ማብዛት ነው» ብለው አበዙት። እነሆ ዛሬ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮው እስኪጠፋ ድረስ ፓነል ለብሷል። ባትሪው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በደንብ ከተያዘ ለአንዲት የማታ ክፍል እንደሚበቃ ተነግሮን ነበር።

የምረቃው ዕለት ከልቤ አይወጣም። ሪባኑን የቆረጡት በቀትር፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ ሳለች ነበር። አምፖሎቹ መብራታቸውን ያወቅነው እርስዎ «በርቷል!» ብለው ስላበሠሩን እንጂ በዓይናችን ለይተነው አልነበረም። ያም ሆኖ ያላየነውን ብርሃን በእልልታ ተቀበልነው። እኔም ካጨበጨቡት አንዷ ነበርሁና ለዚህ ማንንም አልወቅስም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ባትሪው መቆለፍ። ፓነሎቹን የሰቀለው የእንጅባራው ቴክኒሻን ኪዳኑ ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ሁላችንንም በግቢው ሰብስቦ፣ ፓነሉ ቀን የሚያገኘውን ኃይል ባትሪው እዚያው ታስሮ ውሎ ካልተቀበለው ማታ የሚሰጠን ነገር እንደማይኖረው፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በአዊኛ አስረድቶናል። እርስዎም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ራስዎን እየነቀነቁ ሲያዳምጡ አይቻለሁ። በማግሥቱ ግን ባትሪው በየጠዋቱ ከፓነሉ ተፈትቶ በቀበሌው መጋዘን እንዲቆለፍበት፣ ማታ ማታ ብቻ ወጥቶ እንዲሠራ አዘዙ። አንዱ ምክንያትዎ ሌባ ነው። ሁለተኛውን በራስዎ አንደበት እንዲህ ሲሉ ነገሩን፦ «በሐሩር የዋለ ፈረስ ማታ ጋሪ አይስብም፤ ጥላ ውስጥ ይዋል!»

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጋሪ ሲነዱና ፈረስ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ በፈረስ ጉዳይ እርስዎን ለማረም የሚደፍር በአዊ ምድር አይገኝም፤ እኔማ ከቶ አልደፍርም። እንዲያው ለማወቅ ያህል ብቻ ልጠይቅዎና፣ ፈረስዎን ጥላ ውስጥ ሲያሳርፉት ድርቆሽ አያቀርቡለትም? የዚህ ባትሪ ድርቆሹ ፀሐይ ናት። እርስዎ ግን መኖው በቀረበ ሰዓት ወስደው ይቆልፉበታል፤ መኖው ሲነሳ አውጥተው ጋሪ ያስጎትቱታል። ምስኪኑ ለጥቂት ቀን ይዞት በመጣው ስንቅ ሠራ። ከዚያ አምፖሎቹ ደበዘዙ፤ ቀጥሎ ብልጭ ድርግም አሉ፤ በመጨረሻም ጠፉ። እርስዎም ጉዳዩን በጥሞና መርምረው «ይኼ ባትሪ ሰነፍ ነው» ብለው ፈረዱበት።

በራዲዮ እንደምሰማው የታላላቅ አገር መሐንዲሶች ዛሬ የሚጨነቁት በፓነል አይደለም፤ እሱማ ረክሷል። ጭንቃቸው የቀኑን ፀሐይ ለማታ እንዴት እናቆየው የሚል ነው። አንዱ ውሃ ወደ ተራራ እየገፋ ያጠራቅማል፣ አንዱ ሙቀቱን እንዲያቆይለት ጨው ያቀልጣል፣ ሌላው ቤት የሚያክል ባትሪ ይሠራል። ምነው ያን ሁሉ ከመድከማቸው በፊት ወደ ዋርካ ሜዳ ብቅ ባሉ! እርስዎ ነገሩን በአንድ ጓጉንቸር ጨርሰውታል።

ስለ ሌባውም ቢሆን ኪዳኑ አስቀድሞ አስቦበት፣ ባትሪው ከፓነሉ ሳይፈታ የሚቆለፍበት የብረት ሳጥን እንዲሠራ አሳስቦ ነበር፤ ሳጥኑም ተሠርቷል። ዛሬ በውስጡ የምረቃው መቀስና የተረፈው ሪባን ተቆልፎበታል። ለሚቀጥለው ምረቃ በደህና እንደሚቆዩ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ማታ ትምህርታችን። አምፖሎቹ ቀን በቀጥታ ከፓነሉ እንደሚበሩ፣ ማታ ግን እንደማይበሩ በታወቀ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ባትሪውን ወደ ፓነሉ ይመልሰው ነበር። እርስዎ ግን ባትሪውን እዚያው ትተው፣ የማታውን ትምህርት ወደ ቀን ስድስት ሰዓት አዛወሩት። የወጣው ማስታወቂያ «መብራት ባለበት ሰዓት መማር ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ» ይላል። በቀን ስድስት ሰዓት ዋርካ ሜዳ ላይ ብርሃን እንዳለ እኛም ከዚህ በፊት እንጠረጥር ነበር።

የማታ ተማሪ የሆንነው ግን ጨለማ ስለምንወድ አይደለም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት እናቴ ታማ ሱቁን የሚይዝ ስለጠፋ ነው፤ ዛሬም በስድስት ሰዓት ከሚዛኑ ጀርባ ነኝ። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠው የሁለት ልጆች እናት ማናለብሽ በዚያ ሰዓት ድንቿን ትኮተኩታለች። ማስታወቂያው ሲነበብላት «እንግዲያው ድንቹም ማታ ማታ እንዲኮተኮት ደብዳቤ ይጻፉለታ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። መምህርታችን ስሜነሽ ትእዛዝ አክባሪ ስለሆነች በየቀኑ በስድስት ሰዓት ክፍል ትገባለች። የሚጠብቋት ባዶ ዴስኮችና ከፀሐይ ጋር የሚፎካከሩ አምፖሎች ናቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እኔም ዝም ባልሁ፤ ዝም ማለት ይቀናኛል። ነገር ግን ኮሚቴዎ ለወረዳ የላከው ሪፖርት በዚያው ስብሰባ ላይ ሲነበብ «ሴቶቹ የመማር ፍላጎት ስለሌላቸው ክፍሉ በኅዳር መጨረሻ ቢዘጋ» የሚል ሰማሁ። እጄን ያወጣሁትም ለዚህ ነበር። ማናለብሽና እኔ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልንቀመጥ ነው። ክፍሉ ከተዘጋ መምህርት ስሜነሽ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ማናለብሽ ወደ ድንቿ፣ እኔም ወደ ሚዛኔ። ስኳር መመዘን አይከፋም። ብቻ ስመዝን የማስበው ነገር አለኝ፤ እሱን ለእርስዎ አልነግርዎትም። «ፍላጎት የላቸውም» የምትለዋን ቃል ግን ይዤ ማደር አቅቶኛል። የሌለንን መብራት የለም ቢሉ እንችለዋለን፤ ያለንን ፍላጎት የለም ሲሉ ግን አልቻልነውም።

ሦስተኛው ስለ ክረምት ነው፤ አጭር ነው። ሐምሌ ሲገባ ጉሙ እስከ ጣሪያችን ይወርዳል፣ ፀሐይዋም ራሷ ትቆለፍብናለች። ያኔ አንድ ባትሪ በደንብ ቢያዝም እንደማይበቃን አውቃለሁ። ለዚያ እርስዎን አልከስዎትም፤ ሰማዩን ኮሚቴው አልገዛውም። የምከስዎ በዚህ በጥቅምት ጠራራ ለዋልንበት ረሃብ ነው።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። መቀሱንና ሪባኑን በክብር ወደ መጋዘኑ ይውሰዱልን፤ ባትሪውን በብረት ሳጥኑ ውስጥ ከፓነሉ ጋር ያስሩልን፤ ቀን ቀን ይብላ፣ ማታ ማታ ያብራ። የሪፖርቱንም ቃል ያርሙልን።

ያ እስኪሆን ድረስ፣ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የማታ ተማሪዎች ሁላችንም በቀድሞው ሰዓታችን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ክፍላችን ገብተን በጨለማ እንቀመጣለን። መምህርት ስሜነሽም እሺ ብላናለች። ሰሌዳውን አናይም፤ መጽሐፍ አናነብም። ስም ግን ሲጠራ ይሰማል። «ማናለብሽ!» ትላለች፣ ማናለብሽ «አለሁ» ትላለች። «አፊያ!» ስትል ደግሞ እኔ እመልሳለሁ። በጨለማ ማንም ስለማያየኝ፣ እርስዎ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ «አለሁ!» ለማለት አስቤያለሁ። ድምፅሽን ጨምሪ ብለውኝ የለ? ታዛዥ ነኝ።

ለሰጡን ፓነል፣ ላሳዩን የቀትር ብርሃን፣ ባትሪያችንንም ከፀሐይ ስለጠበቁልን፣ ዘወትር ውለታዎን የምታስብ፣ በፀሐይ ተከባ የጨለመባት፣ አክባሪዎ

አፊያ ሸዕባን
ከዋርካ ሜዳ፣ በቀን ብርሃን የተጻፈ

ማስታወሻ፦ ትናንት በቀትር በደጅዎ ሳልፍ ቡላው ፈረስዎ ረጅም ገመድ ተለቆለት ከዋርካው ሥር ድርቆሹን ሲበላ አየሁት፤ ጎኑ ሞልቶ ያብረቀርቃል። ባትሪ ሆኖ ስላልተፈጠረ አልሐምዱሊላህ አልሁ።