አዲስ እርግዝና፣ አዲስ ካርድ

ለተከበሩ የእናቶች ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መጋረጃ ሳይጨማደድ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ አዲሱ ካርዴ እንደዚያ ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት በክፍልዎ ወንድ ልጅ ወልጄ በሦስተኛው ቀን ቀበርኩት። የሕፃናት ሐኪሙ ምክንያቱን ሳይደብቁ ነገሩኝ። እኔን ሳይጎዳ በአካሌ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በምጥ ሰዓት ወደ ልጄ ተሻግሮ ነበር። ዳግመኛ ሳረግዝም ሊገኝብኝ ስለሚችል፣ ምጥ እንደጀመረኝ አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ እንዲሰጠኝ ካርዴ ላይ ጽፈው ፈረሙ። አሁን ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. የካርድ ክፍል ሠራተኛው “ለአዲስ እርግዝና አዲስ ካርድ” የሚለውን መመሪያዎን አክብረው፣ የሐኪሙ ትእዛዝ ያለበትን ካርዴን ምድር ቤት ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። መመሪያው ለባክቴሪያውም በግልባጭ ቢደርሰው ኖሮ እሱም አብሮ ይወርድ ነበር።

2ኛ. አዲሱ ካርድ “ያለፈው ወሊድ፦ ያለ ችግር” ይላል። እውነት ነው፤ ልጄ የሞተው ከእርስዎ ኮሪደር ማዶ፣ በሕፃናት ክፍል ነው። የክፍልዎን ስም ላለማጉደፍ ሦስት ቀን ስለታገሰ ምስጋና የሚገባው እሱ ነው።

3ኛ. አዋላጅ ነርሷን ባስረዳቸው፣ “እባብ ያየ በልጥ በረየ” ብለው ሳቁና ገላዬን ደህና አድርጌ እንድታጠብ መከሩኝ። ይህን የሰሙት አማቴ አንድ ካርቶን ሳሙና ልከውልኛል። ልጄን የገደለው የእኔ ቆሻሻ መሆኑን ለቤተ ዘመዱ ስላሳወቁልኝ ውለታቸው አለብኝ። ቆሻሻ ግን አይደለሁም። እፈራለሁ እንጂ፤ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ድረስ እፈራለሁ።

የምለምንዎ አንድ መስመር ከአሮጌው ካርድ ወደ አዲሱ እንዲገለበጥልኝ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ከምጤ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ለመመሪያዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሚወለደውም ልጄ ከአራት ቀን ያላነሰ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከነሆዴ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣ ጥልፍ ሠሪዋ ነፍሰ ጡር

ተጨማሪ፦ ምናልባት ጊዜ ካጡ ብዬ፣ ለምጥ በምለብሰው ቀሚስ ደረት ላይ የሐኪሙን ትእዛዝ ራሴ ጠልፌዋለሁ። መነጽር ለረሳም ሰው እንዲነበብ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ወላድ ስትገባ የራሷን ልብስ ታወልቃለች የሚል ደንብ እንዳለዎት አውቃለሁ፤ ሠራተኞችዎ ሲያስወልቁኝ እግረ መንገዳቸውን ያንብቡት።