አይጥ የወለደችበት ዜማ

ሰኞ

እትፍ! አሁንም እጄ ይሸተኛል። በሳሙና ታጠብኩት፣ በአመድ አሸሁት፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ወይ ፍንክች።

ኮምፒውተሬ ሲያንቋርር ሰንብቶ ዛሬ ሲፒዩውን ፈታሁት። አይጥ ወልዳበታለች! የተቦጫጨቀ ወረቀት፣ ገለባ፣ አሯ፣ ሽንቷ... ጸጉር ያላወጡ ልጆቿ ሽቦው ላይ ሲርመሰመሱ አገኘኋቸው፤ አንድ በአንድ በእጄ ለቅሜ አወጣኋቸው። ምን አለባት፣ በዚህ በንፋስ መውጫ ብርድ እንዲህ የሞቀ ቤት ከየት ታገኛለች!

የባሰው ግን ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። የአባባ የዐቢይ ጾም ዜማ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መሪጌታ አባቴ ጉሮሯቸውን ሳይታመሙ የቀዳሁት። አሁን ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ የላቸውም። ሌላ ቅጂ የለኝም። እኔ ደንቆሮ!

ማክሰኞ

የቪዲዮ ቤቱ ጌትነት ባዶ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አዋሰኝ። መርጦ መገልበጥ ይቅርብኝ፤ አንድም ሳላስቀር ሙሉውን እገለብጣለሁ ብዬ ጀመርኩ። የሲፒዩው ክዳን ክፍት ነበር። ለአፍታ ወጣ ስል እማዬ ሆዬ ጠበል ረጨችበት! ጧ አለና ጠፋ።

«እማዬ፣ ገደልሽው!»

«አይጥ የረገጠው ላይ ዜማ ይቀመጣል እንዴ? ይንጻ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ደግሞ ታማትባለች።

አሁን የአይጥ ሽንቱ ርሶ ቤቱን አከረፋው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁሉም ነገር አስጠላኝ። እናቴም ጭምር።

ሐሙስ

ትናንት ቀኑን ሙሉ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲፒዩው እንደሞተ ቀረ። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ የጌትነት ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ተነሣ! ሙሉው እስኪገለበጥ ሽንቴን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ማንም እንዲጠጋው አልፈቀድኩም። አለቀ። ተመስገን!

ለእማዬ ብነግራት «ጠበሉ ነዋ» አለች። 

ዓርብ

ዜማውን ከቅጂው ወደ ስልኬ አስገብቼ ለአባባ አሰማኋቸው። ያ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እማዬ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም። እሳቸው ግን ፊታቸውን አጨፍግገው በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እዚህ ላይ ስቻለሁ» አሉ በዚያች ሹክሹክታቸው። «ተማሪ ሰምቶ ስሕተቴን ይዞ ይቀራል። አጥፊው።»

«ይችን ብቻ?»

«ሁሉንም። ሌላስ የት የት ስቼ እንደሆን በምን አውቃለሁ?»

«አባባ፣ ሌላ እኮ የለንም።»

«አጥፊው አልኩሽ!»

እሺ አልኳቸው። ከዚያ ጌትነት ቤት ሄጄ ሁለተኛ ቅጂ ሠራሁ።