ድምፁን ያጠፋሁት ሞተር

ጥቅምት 2፣ ማታ

ዛሬም ግቢ ውስጥ ፈታሁት። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ገጽህን ባቆሽሽብህ ይቅርታ ደብተሬ። ነገሩ ያው ነው። ቴክ ቴክ ቴክ። ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ ሲፈን ብንን ትላለች። የሦስት ወር ልጅ፣ ምን ታድርግ። ጫልቱ ሌሊቱን ስታጠባ አድራ ገና ዓይኗን ስትከድን እኔ ቴክ ቴክ። ዛሬ ጠዋት ልጅቷን አንስታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እሱ ይብሳል።

ሞተር ሳይክሉ የመ/ቤት ነው። ጥገና ጠይቄ ወረፋ ጠብቅ ተባልኩ። ስለዚህ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ፤ ግማሹ ላይ ኔትወርክ ሄደ። ያየሁት ይበቃል። ከላይ ሁለት ክዳኖች ይፈታሉ። ከሥራቸው ቫልቮቹን የሚገፉ ሁለት ክንዶች አሉ። በክንዱና በቫልቩ መሀል የምላጭ ውፍረት የምታህል ክፍተት አለች። ድምፁ የሚመጣው ከዚያች ክፍተት ነው። እና ለምን እተዋታለሁ? ብሎኗን አጠበቅኳት፣ ምላጩ አልገባም እስኪል ድረስ። አስነሳሁት።

ጸጥ! ጫልቱ በበሩ ብቅ ብላ፣ ገና አሁን ሞተር መሰለ አለች። ሲፈን አልነቃችም። ደስ ብሎኛል፣ ምን ልበልህ፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ደክሞኛል። በአጭሩ።

ጠዋት አዴ ዲንቂ ደወለች። ከጭልሞ ደን ማዶ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያለቻት አንዲት ላም ናት፣ ቡሬ። ቡሬ ስትጮህ አድራለች፣ ኮርማ ፈልጋለች፣ ቶሎ ና ልጄ አለች። ሥራዬ ይኸው ነው፤ የተሻለ ዝርያ ያለው ኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ጋን ይዤ ላሞቹ ያሉበት ድረስ እሄዳለሁ። የጊንጪ ልጆች “ኮርማው መጣ” እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የላም ፍላጎት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ቢበዛ አንድ ቀን ነው፣ ካለፈ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለህ።

ጋኑን አስሬ ወጣሁ። ሞተሩ እንደ ቅቤ። ደኑን አልፌ ዳገቱ ላይ ግን አቅም አጣ፣ አጣ፣ ጠፋ። ብረግጥ የለም። ፔዳሉ ራሱ ባዶ፣ እግሬ ዝም ብሎ ይወርዳል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ። ፀሐይ ሲያዘነብል በአንድ እርግጫ ተነሳ፣ ምንም እንዳልሆነ! ያኔ መሽቷል። ተመለስኩ።

አዴ ዲንቂን ደወልኩላት። ሂን ያዳኢን፣ አታስብ ልጄ፣ ደህና ግባ ብቻ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 15

ካንዴላ ቀየርኩ። ካርቡሬተር አጠብኩ። የነዳጅ ቱቦውን በአፌ ነፋሁ፣ ቤንዚን ዋጥኩ፣ ጫልቱ ወተት ጠጣ ብላ አስጨነቀችኝ። ግቢ ውስጥ ይሠራል። ኧረ ግቢ ውስጥማ ማን ያህለዋል! እስከ ገበያው ነድቼ ተመለስኩ፣ ደህና።

ቫልቮቹን አልነካሁም። እነሱን ጨርሻቸዋለሁ።

ጥቅምት 29፣ ማታ

አልቅስ አልቅስ ይለኛል።

ቡሬ ዛሬ እንደገና ኮርማ ፈለገች። አዴ ዲንቂ በማለዳ ደወለች። በፍጥነት ወጣሁ። እዚያው ዳገት፣ እዚያው ድንጋይ አጠገብ፣ ጠፋ። እንደ አህያ ቦታ ይመርጣል እንዴ? ረገጥኩት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። አንድ ቤት አስቀምጬው ጋኑን ተሸክሜ በእግሬ ተነሳሁ። ጋኑ ከባድ ነው፣ መዝለልም መንጋደድም አይወድም። ትከሻዬ ተላጠ።

ስደርስ ቡሬ አልጮኸችም። ቆማ ታመሰኳለች። ሰዓቱ እንዳለፈ ዓይኗን አይቼ አውቄዋለሁ። ቢሆንም ሥራዬን ሠራሁ፣ ምናልባት ብዬ። አዴ ዲንቂ የቡሬን ጀርባ እያሻሸች ስትመርቀኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አማቿ ለማ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ የልጇ ባል፣ እርሻውን የሚያርስላት እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ካሁን በኋላ ደግማ ኮርማ ከፈለገች መካን ናት ማለት ነው፣ ለመካን ላም መኖ የለንም አለ። አዴ ዲንቂ የምትመኘው አንዲት የተዳቀለች ጥጃ ነበር፤ ወተት ሽጣ በሰው እጅ ላለመኖር።

ስወጣ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጥታኛለች። አጠገቤ አለ። አልበላሁትም።

ኅዳር 6

ምንም የለም። መ/ቤት ሄድኩ፣ ወረፋ። ሞተሩን አየሁት፣ አየኝ። ጫልቱ ተወው፣ ብረት ነው፣ ከብረት ጋር ምን ያጣላሃል ትላለች። ሲፈን መሳቅ ጀምራለች። ሞተሩ አጠገቧ ሲነሳ እንኳ ትተኛለች። ቢያንስ አንድ ነገር አስተካክያለሁ።

ሌት ተቀን የማስበው ቡሬን ነው። እንድትይዝ ተስያለሁ። የሰው መሳቂያ ነው፤ ስለ ላም የሚሳል ኮርማው!

ኅዳር 19፣ ማታ

ተሬሳ ደወለ። አብረን የተማርን፣ አሁን ባኮ የሚሠራ፣ እንደ እኔው አዳቃይ፣ ሞተሩም እንደ እኔው ዓይነት። ምሬቴን ዘረገፍኩለት። ሲበርድ ይነሳል፣ ሲግል ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ይድናል። እሺ፣ ቫልቩ ቴክ ቴክ ይላል ወይ አለኝ። ኧረ ምን ሲደረግ፣ እኔ ራሴ አጥብቄ ዝም አሰኝቼዋለሁ አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፣ ስማኝ፣ በኩራት!

ተሬሳ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠ፣ ድምፄን ሰምቶ መሰለኝ። ብረት ሲግል ይረዝማል አለ። ክፍተቷ ለዚያ ነው የተተወችው። አንተ መርዘሚያ ነሳኸው፣ ሲግል ቫልቩ ገጥሞ አይዘጋም፣ ጉልበቱ በዚያ ይወጣል። ቴክ ቴኩ የጤና ነው አለ። አሁን ትኩስ ነው አትንካው፣ ጠዋት ሲበርድ ክፈተው።

ነገ የቡሬ ቀን ነው። ይዛ ከሆነ አትጮህም። አዴ ዲንቂም አትደውልም።

እግዚአብሔር ሆይ፣ አትደውል።

ኅዳር 20፣ ጠዋት

ብርዱ እጅ ይቆርጣል። ከፈትኩት። ክንዱን በጣቴ ነቀነቅኩት፣ ንቅንቅ የለም፤ ደርቋል። ፒስተኑን አናት ላይ አቆምኩ፣ ብሎኗን አላላሁ፣ ምላጩን አስገባሁ፣ ጠበቅ አርጎ እስኪይዘው አስተካከልኩ፣ አሰርኩ። ሁለቱንም። አለቀ፤ ሻይ እስኪፈላ አልፈጀም። ለዚች ነው ያ ሁሉ መከራ!

አስነሳሁት። ቴክ ቴክ ቴክ። ሲፈን ነቃች፣ አለቀሰች። ጫልቱ ታቅፋት ወጣች፣ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ፊቴ እርጥብ ነበር መሰለኝ። ነገርኳት። ልጅቷን እያባበለች፣ ትልመደው አለች።

ስልኩ አልጮኸም። አንድ ልቤ ይዛለች ይለኛል። ሌላው ዝም ብለህ ሂድ ይላል። ጋኑን አስሬአለሁ። ልሂድ።

የዚያው ቀን፣ ማታ

ዳገቱን ወጣው። ድንጋዩን አለፍኩት። እየጮኸ ወጣው፣ ብቻዬን መንገድ ላይ እልል አልኩ፣ እውነቴን ነው።

ከዳገቱ ጫፍ በላይ ኩርባው ላይ አገኘኋቸው። ለማ ከፊት፣ ገመዱን ይዞ። ቡሬ። አዴ ዲንቂ ከኋላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። የገበያ ቀን ነው። ለገና የሚያደልብ ነጋዴ ትናንት መጥቶ ተስማምቷል፣ ቃል ገብተናል አለ ለማ። እኔ የሰማሁት የላሟን ጩኸት እንጂ የእሱን ቃል አይደለም። ቡሬ ትጮህ ነበር። ሰዓቷ ላይ ናት፣ ልክ ሰዓቷ ላይ! ጋኑ ከኋላዬ ታስሯል። አንዲት ደቂቃ ስጡኝ፣ እዚሁ ልሥራላት አልኩ። ለማ አዘነልኝ፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ወንድሜ፣ ለቢላዋ የምትሄድ ላም ማርገዝ ምን ያደርግላታል አለኝ።

አዴ ዲንቂ መጥታ የሞተሩን መሪ ነካ አደረገችው። ዛሬ መጣህ፣ ልጄ አለች። አልደወልኩልህም፣ ስንት ጊዜ ላድክምህ። መካን ሆና ነው፣ አንተ ምን ታደርግ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው። ከዚያ ለልጄ፣ ለሲፈን፣ መረቀችልኝ። ስሟን ታስታውሳለች።

ሞተሩን አላጠፋሁትም። ካጠፋሁት የማይነሳ መስሎ ታየኝ። እሱ ቴክ ቴክ እያለ ቆሞ ሳለ እነሱ ወረዱ። ቡሬ ኩርባውን እስክትዞር ትጮህ ነበር።

አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ልጄ እንድትተኛ ብዬ አንዲት ብሎን አጠበቅኩ ብዬ? ቡሬ መካን አይደለችም። አልነበረችም። ይሄን የምናውቀው እኔና ተሬሳ፣ አሁን ደግሞ አንተ፣ ደብተሬ። አዴ ዲንቂ ፈጣሪን ይቅር እያለች ትተኛለች።

ነገ እሄዳለሁ። ጋን ሳልይዝ። ለማም ባለበት እነግራታለሁ፣ ላሟ ደህና ነበረች እላታለሁ። መጀመሪያ እግሯ ላይ ልውደቅ ወይስ መጀመሪያ ልናገር?