ሁለት መቶ ባዶ ወንበሮች

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13፣ ከሰዓት
ዛሬም በራሪ ወረቀት። ካፌቴሪያው በር ላይ ቆሜ፣ በ24 ፉትቦል አለ፣ በነጻ ነው እያልኩ። ተማሪው ይቀበላል፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይጥላል። እኔው መልሼ አነሣለሁ። ደብተሬ ሆይ፣ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ቢሮ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ራስ ቁር አጥልቀው፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚጋጩትን ልጆች የሚያይላቸው ሰው መፈለግ። ፌስቡክ ላይ "እመጣለሁ" ያለው ብዙ ነው። ባለፈው ጨዋታ ግን በስታዲየሙ ምሥራቅ በኩል ያለውን ሁለት መቶ ወንበር እርግብ ነው የያዘው።

አለቃዬ ሊንዳ አስጠራችኝ። ደግ ናት፣ ቁርጡን ግን ነገረችኝ። የ24ቱ የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳችን ጨዋታ ነው፤ ያ ጎን ባዶ ከሆነ ለከርሞ የኔ ቦታ የለም። በዚህ አገር ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ ያ ቢሮ ብቻ ነው።

ኀሙስ 15
ሊፍት ውስጥ እትዬ ዘነበች። ከኔ በላይ ፎቅ ነው የሚኖሩት። የሰፈራችን የሴንት ጄምስ ታውን እድር ሰው የሚጠራው በሳቸው ነው፤ የአገር ቤቱ ጥሩምባ እዚህ የሳቸው ስልክ ነው። እኔ ሁልጊዜ "ሺፍት አለኝ" ብዬ የማመልጣቸው። ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉ። ነገርኳቸው። ወረቀቱን ገለባብጠው አዩት።

"በወረቀት ማን ይመጣል? ሰው የሚመጣው ሲጠራ ነው።"

ቀኑንና ቦታውን ብቻ ጠየቁኝ። አፈርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለቅሶም ሰርግም ጠርተውኝ አንዱንም አልሄድኩም።

እሑድ 18
እትዬ ዘ. ደወሉ። የሬክስዴል ሰፈርን ሰው ኮል አድርገው ጨርሰዋል፣ የቶርንክሊፍ ሰፈር ቀርቷቸዋል። አልመጣም ያለ የለም አሉ። አላመንኩም። ለሊንዳ ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ 24፣ አመሻሽ
ጨዋታው ሲጀመር ባዶ። አንደኛው ሩብ አለቀ፣ ባዶ። ሊንዳ እኔን ላለማየት ሌላ ሌላውን ታያለች። የኛ ሰው መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል። ሁለተኛው ሩብ ላይ መጡ። ነጠላ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ፣ ሕፃን የታቀፈ። ወንበሩ ሞልቶ ቆመው የቀሩም ነበሩ።

ጨዋታውን የሚያይ ግን የለም። ቡድናችን ሲያስቆጥር ዝም። እኔ ቲሸርት ተሸክሜ በፊታቸው ሳልፍ እልልታ። ውኃ ሳቀብል "ዮናስ! ዮናስ!" እያሉ እልልታ። ኋላ ገባኝ፤ እትዬ ዘ. የዮናስ ዝግጅት ነው ብለው ነው የጠሩት። ሰው ለሌላ ሰው ጨዋታ ጥሪ ያደርጋል ብለው ከየት ያስቡ። አንድ ትልቅ ሰው ለምን ራስ ቁር እንዳላደረግሁ ጠየቁኝ። ጋሼ፣ እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው።

"ይሁና። መጥተናል እኮ።"

በመጨረሻው ሩብ ፈረንጁም አብሮ ስሜን ይጠራ ነበር። ተሸነፍን። ሊንዳ አቀፈችኝ፣ ለከርሞም አለህ አለችኝ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። እግዜር ይስጣቸው።

ሰኞ 26፣ ከሰዓት
እትዬ ዘነበች ደወሉ። ቅዳሜ ከመጡት የአንዱ ሰውዬ እናት፣ አገር ቤት ሳሉ አርፈዋል። ለቅሶው ቶርንክሊፍ ነው። ና አላሉኝም፤ አድራሻውን ብቻ ነገሩኝ።

"ሺፍት አለኝ" አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞም እውነት ነው፣ አለኝ። ሊንዳን ደውዬ አስፈቀድኩ።

ሰውየውን አላውቀውም። ምን ብዬ እንደማጽናናው አላውቅም። አንድ ወንበር መያዝ ግን አያቅተኝም። ጥቁሩ ጃኬቴ ተገኝቷል። ሄድኩ።