ሦስት ጣት ትርፍ

ይድረስ ለጋሼ መንገሻ፤

የጎንደር ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎት ይሆን? እኛ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

የልጄን የኖአምን የሠርግ ሙሉ ልብስ ራሴ እየሰፋሁ ነው። «ተሰፍቶ ያለቀ ልግዛ» ቢለኝ ተቆጣሁት፤ የሱቅ ኮት ትከሻው የማንም አይደለም። በሰኔ ወገቡን ስለካው ሰማንያ ስድስት ነበር። እርስዎ ቅዳሜ ገበያ በረንዳ ላይ እንዳስተማሩኝ፣ ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ከስፌቱ ውስጥ ተውኩለት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ትርፍ ብክነት ነው ብዬ ስከራከርዎ፣ «ሰው ይወፍራል፣ አንተ የተማርክ ደንቆሮ» ብለው በሜትር ትከሻዬን መቱኝ። ያ ምት ዛሬ ናፈቀኝ።

ዓርብ ኖአም ከሚሉኢም፣ ለጦርነቱ ከተጠራበት የተጠባባቂ ጦር ግዳጁ፣ በባቡር መጥቶ ሲሞክረው ሱሪው ከወገቡ ወረደ። ደግሜ ለካሁት፤ ሰባ ስምንት። «አባ፣ ሜትርህ አርጅቷል» ብሎ ሳቀ። እናቱ ያቀረበችለትን ግን አልነካም። «ትርፉን ቆርጠህ አጥብበው» አለኝ። ስንት ጊዜ እንደለካሁት አይጠይቁኝ።

አጠበብኩት፤ ትርፉን ግን አልቆረጥኩም። ወደ ውስጥ አጥፌ በቀላሉ በሚተረተር ስፌት ያዝኩት።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ሲጸልዩ የኖአምን ስም አይዝለሉብኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
አለኸኝ