ግድግዳ የሌለው በር

ወንድምዬ፣

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀህ ብላ። አናጢው በሩን ሊነቅል ከመጣ አባረው።

ግድግዳዎቹን አስፈርሰህ ሦስቱን ክፍል አንድ አዳራሽ ስታደርጋቸው አልከለከልኩህም። "ቤቱ ይተንፍስ" አልክ። ይኸው ተነፈሰ፤ ሌሊቱን ሙሉ የምታንኮራፋውም ጆሮዬ ስር ነው። በሩ ግን የእኔ ነው። መሀል ቤት ለብቻው መገተሩ ካሳቀህ ሳቅ።

ትናንት ግን ሳታንኳኳ በጎኑ ዞረህ ገባህ።
በጎኑ!
የሰው ክፍል እንዲህ ነው የሚገባው?

"ውጣልኝ!" ስልህ "ከየት?" አልከኝ። ያኔ ነው በሩን ድርግም አድርጌ የዘጋሁብህ። ከዚያ አንተ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን ተኳረፍን። አንገቴን ትንሽ ዘንበል ባደርግ አይሃለሁ፤ ግን ኩርፊያ ነውና አላየሁህም።

ትናንት ስትገባ፣ በስልክ አውርቼ ከዘጋሁ በኋላ ምን ሆኜ እንዳገኘኸኝ ለማንም አትንገር። እኔንም አትጠይቀኝ። ድሮ ግድግዳው እያለ አልቅሼ፣ ፊቴን ጠርጌ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆኜ እወጣ ነበር። አሁን ከየት ልውጣ?

ስለ ጩኸቱ... ይሁን፣ ተወው።
ሻዩን ደፉ ላይ አስቀምጠህ በእግር ጣትህ እየተራመድክ ስትመለስ አይቼሃለሁ። ጠጥቼዋለሁ።

ማታ ስትመጣ አንኳኳ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ብታየኝም አንኳኳ። ፊቴን እስክጠርግ እዚያው ቁም።

"ግባ" እልሃለሁ።

እህትህ፣
ከበሩ ማዶ